በደቅ ደሴት ያልነበረው ድንጋይ

በየክፍሉ አንድ አለ። በየዕድሩም፣ በየሚኒባሱም አንድ አይጠፋም። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! ሞላ!» እያለ ሲጮህ፣ ሌላው ሁሉ ተጋፍቶ ሲገባ፣ ይህ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ባዶ ወንበር ይቆጥራል። ሐኪሙ «ደምህ ደህና ነው» ሲለው «እስቲ ወረቀቱን» ይላል። ትናንት ማታ ዝናብ ጥሏል ሲሉት ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል። ክፉ ሰው አይደለም። ተጠራጣሪ ማለትም አይቻልም፤ ተጠራጣሪ ሰው ያየውንም አያምንም። ይህኛው ያየውን ያምናል፤ ችግሩ ካላየ የማያምን መሆኑ ላይ ነው። አገር ሁሉ በሰው ቃል ተደላድሎ በተቀመጠበት እሱ ብቻ ቆሞ ይቀራል፤ እሱ በቆመ ቁጥር ደግሞ የተቀመጥነው ሁሉ ወንበራችን ይቆረቁረናል።

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ፣ የዚህ ወገን አለቃ ዘይነት ሙሔ ትባል ነበር። የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ናት። የክፍል ጓደኞቿ «ክብርት መርማሪ» ይሏታል። መምህሯ ዶክተር ምናሴም በልቡ ያወጣላት ስም ነበረው፤ ለጊዜው እሱ በልቡ ይቆይ።

ምናሴ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ወላጆቹ ከድሬዳዋ መጥተው በከተማው ፋብሪካ ሲፈትሉና ሲሸምኑ ያረጁ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ አስተማሪ ሆነ። የሚያስተምረው ድንጋይ እንዴት እንደሚወለድ ነው። ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ፣ ወይም እዚያው ታምቆ ቀስ እያለ ሲረጋ የሚፈጠረውን ኢግኒየስ የሚባለውን ዐለት፤ እንደዚሁም አንድ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ተፈጥሮ ኋላ በሙቀትና በጫና ብዛት ጠባዩን የለወጠውን ሜታሞርፊክ። ትምህርቱን ከልቡ ይወደዋል። ዳሩ ግን የሚወደው በስዕል ነው። የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው ሌሎች ቆፍረው ባመጡለት፣ ተፈጭቶ በብልቃጥ በታሸገ የድንጋይ ዱቄት ላይ ነበር። ለድንጋይ መምህር ጫማው ከመጠን በላይ ንጹሕ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ትምህርት፣ ቀልጦ የሚንተከተክ ድንጋይ ቀይ ሆኖ እየተገላበጠ ሲፈስ የሚያሳይ ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳረፈና ድምፁን ሞልቶ ማብራራት ጀመረ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ጣት ወጣች።

«መምህር፣ ይኸን በዓይንዎ አይተውታል?»

ምናሴ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። «እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

«በዓይኔ... አላየሁም። ግን ሳይንስ በዓይን ብቻ የሚታይ አይደለም።»

«እሺ» አለች ዘይነት፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ። «በምን ይታያል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። መልሱን ለመጻፍ እየጠበቀች ነበር። ምናሴ «ወደ እሱ እንመለሳለን» አለ፤ ወደ እሱ ግን አልተመለሱም፤ እሷም ያን ቀን ምንም ሳትጽፍ ወጣች።

ይህ ጠባይዋ ካደገችበት ከወረታ ከተማ ነው የመጣው። አባቷ ሐጂ ሙሔ የሩዝ ነጋዴ ናቸው፤ የፎገራን ሩዝ ከገበሬ ገዝተው ለከተማ ይሸጣሉ። ልጆቻቸውን ፊደል ከማስቆጠራቸው በፊት ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፦ «የጆንያ አፍ ሌላ፣ የጆንያ ሆድ ሌላ።» ዘይነት በስምንት ዓመቷ እጇን እስከ ብብቷ ጆንያ ውስጥ ከትታ፣ ከሥሩ አንድ ጭብጥ ሩዝ አውጥታ፣ መዳፏ ላይ ዘርግታ ታይ ነበር። ከላይ ነጭ፣ ከታች አፈር የተቀላቀለበት ስንቱን ይዛለች። ለሷ ዩኒቨርሲቲም ትልቅ ጆንያ ነው። መምህሩ አፉን ፈቶ ሲያሳያት እጇን ወደ ሆዱ ትሰዳለች።

የግራናይት ነገር ሲመጣ እንዲሁ ሆነ። ምናሴ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ቅላጭ፣ ማለት የቀለጠ ድንጋይ፣ ትልልቅ ፍሬ ያወጣል፣ ፈጥኖ የቀዘቀዘው ፍሬው ይደቅቃል አለ። ግራናይት ሚሊዮን ዓመት ፈጅቶ ስለቀዘቀዘ ፍሬው በዓይን ይታያል፤ ይኸ የምንረግጠው ጥቁር ባዛልት ደግሞ መሬት ላይ ፈስሶ ቶሎ ስለበረደ ፍሬው ደቅቆ በዓይን አይታይም።

«ሚሊዮን ዓመት ማን ቆሞ ጠበቀው?» አለች ክብርት መርማሪ።

«ማንም አልጠበቀውም! ከፍሬው ነው የሚታወቀው።»

«ፍሬው የጊዜ ምልክት መሆኑንስ ከምን አወቅን?»

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሳህን ይዛ መጣች። በሁለቱም ጨው በሙቅ ውሃ አሟሙታ፣ አንደኛውን በማደሪያዋ ውስጥ በተከለከለ ምድጃ ላይ አንተክትካ አድርቃዋለች፤ ሁለተኛውን መስኮት ላይ አኑራ ውሃው በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ጠብቃዋለች። የፊተኛው ዱቄት ሆኗል። የኋለኛው የበቆሎ ፍሬ የሚያህሉ፣ አራት ማዕዘናቸው የተቆረጠ የሚመስል የጨው ፍሬዎች አፍርቷል። ሳህኖቹን በየረድፉ አዞረቻቸው። ከዚያ ወደ ምናሴ ዞራ «ግራናይቱን ተቀብያለሁ» አለች። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ግራናይት እስከዚያ ቀን ድረስ የእሷን ፈቃድ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል።

ቤተ ሙከራውም አልቀረለትም። ድንጋይ ከወረቀት ቀጥኖ ተቆርጦ በመስታወት ላይ ሲለጠፍና በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የተቀመጠበትን መድረክ ባዞሩት ቁጥር ፍሬዎቹ ሰማያዊና ብርቱካናማ እየሆኑ ይለዋወጣሉ። ሌላው ተማሪ ሁለቴ አዙሮ ይሄዳል። ዘይነት ግን የቤተ ሙከራው ጠባቂ አቶ አዘዘ የቁልፍ ማንጠልጠያቸውን እያንሿሹ «ልጄ፣ ድንጋዩም እኮ ማረፍ አለበት» እስኪሏት ድረስ ካይኗ አታነሳውም።

ምናሴ ተንገበገበ። ቤቱ ተቀምጦ ለማግስቱ ሲዘጋጅ የሷ ድምፅ ይመጣበታል። አንድ ስላይድ ያያል፤ «ይኸንንስ አይተውታል?» የምትለው ይመስለዋል፤ መልስ ካላገኘ ስላይዱን ያወጣዋል። ሰማንያ አራት የነበሩት በሁለት ወር ውስጥ ሃምሳ አንድ ቀሩ። ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ፈተና መጣ።

ሰባተኛው ጥያቄ አሥራ አምስት ነጥብ የሚይዝ የምናሴ ኩራት ነበር። በጣና ሐይቅ ላይ ባለው በደቅ ደሴት ሰሜን ዳርቻ ስለሚገኘው ሺስት ይጠይቃል። ሺስት በምድር ጥልቅ ውስጥ ታምቆና ታሽቶ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ፣ የሚያብረቀርቅ ሜታሞርፊክ ድንጋይ ነው። ታዲያ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ደሴት ላይ ምን ይሠራል? ለዚህ ምናሴ ባዘጋጀው የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ ማብራሪያ አለው፤ የወጣው ቅላጭ በመንገዱ ላይ ያገኘውን አሮጌ ዐለት ቦጭቆ፣ ተሸክሞ፣ ወደ ላይ እንዴት እንዳመጣው በስዕልና በሰንጠረዥ አስረድቷል። መጽሐፉ በዚያ ሰሞን ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረጉ ገምጋሚዎች ፊት ቀርቦ ነበር። እነሱም ከሁሉ አብልጠው ያመሰገኑት ይኸንኑ ምዕራፍ ነው።

ከአርባው ተማሪ ሠላሳ ዘጠኙ ገጹን በቃሉ ወጣው። ዘይነት ሁለት መስመር ጻፈች፦ «ሄጄ አየሁ። የለም። ያየሁት ጥቁር ባዛልትና ከሥሩ ቀይ አፈር ነው።»

ምናሴ ሠላሳ አንድ ወረቀት አርሞ ደክሞት ነበር። መስመሮቹን አነበበ፤ ደሙ ፈላ፤ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ዜሮ አሳረፈባቸው። ያ ዜሮ ልጅቱን ከማለፊያው በታች አወረዳት። ትምህርቱ የሚሰጠው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የወደቀ ተማሪ ጓደኞቹ ሲመረቁ ቆሞ ያያል።

በነጋታው ቢሮው መጣች። አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ ስለ ሰባተኛው ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄው ስለ ሺስቱ አመጣጥ ነው እንጂ አለ ወይስ የለም አላልኩም።»

«ከሌለ እንዴት መጣ ልበል?»

«ዘይነት፣ በደንብ አልፈለግሽ ይሆናል።»

«ለእረፍት ከማደሪያ ጓደኛዬ ከሀኒ ጋር እነሱ ቤት ሄድሁ። አባቷ የደቅ ገበሬ ናቸው። ሰሜኑን ዳርቻ ሁለት ቀን ሙሉ በእግሬ ዞርሁት፤ ሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ሁሉ ገባሁ። ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቅጠል የሚላጥ ድንጋይ ያየ ሰው የለም።»

«ጽሑፉ ላይ አለ እኮ።»

«ጽሑፉን ማን ጻፈው?»

«እኔ የተማርኩበት ማስታወሻ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው የጻፉት።»

ዘይነት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ስትጠይቅ ድፍረት አልነበረባትም፤ ታማሚ ጠያቂ ትመስል ነበር። «ትልቁ ሰውስ አይተውታል?»

«በቃ ውጪ» አለ ምናሴ። ወጣች። በሩን ስትዘጋ እንኳ አላጮኸችውም።

እስከ ምሳ ሰዓት ሥራ እንቢ አለው። ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ወደ ግሽ አባይ ሰፈር ሄደ። ትልቁ ሰው፣ ዶክተር ዓምደ ሚካኤል፣ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው። ምናሴን ድንጋይ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ መዶሻውን የሰጡት እሳቸው፤ በአባቱ ለቅሶ ሦስት ቀን ከጎኑ የተቀመጡት እሳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ላይ አገኛቸው። ከሰላምታው በኋላ ፈራ ተባ እያለ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ የደቁን ሺስት መቼ ነበር ያዩት?»

«የምን ሺስት?»

«የደቅ ደሴቱን። በማስታወሻዎ ላይ ያለውን።»

ሽማግሌው ተነሥተው ገቡና ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር ይዘው ወጡ። ገጾቹን ምራቅ በነካው ጣታቸው ገለጡ፣ ገለጡ፣ ቆሙ። ደብተሩን ወደሱ አዞሩለት።

በእጅ ጽሑፋቸው፣ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት፣ አንዲት ቃል ነበረች። «እንበልና»። እንበልና በደቅ ደሴት ሰሜን ዳርቻ ሺስት ተገኘ፤ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ትላላችሁ?

«የአእምሮ ማፍታቻ ነበረች» አሉ። «ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት እንዳይተኙብኝ።»

ምናሴ ደብተሩን እያየ ፊቱ ነጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ገና ረዳት ሳለ፣ ይህን ደብተር በኮምፒውተር ልጻፍልዎ ብሎ የለመናቸው እሱ ነው። ያቺንም ቃል ያወጣት እሱ ነው። ወድቃ አይደለም፤ ተሳስቶም አይደለም። አሁን በደንብ ትዝ አለው፦ ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆሞ፣ «እንበልና» ማለት ሳይንሳዊ አይመስልም ብሎ አስቦ ነበር። መምህሩን ያከበረ መስሎት ነበር።

ዶክተር ዓምደ ሚካኤል የሆነውን ሲሰሙ ሳቁ። ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። ሳላቸው ሲበርድ ግን ዓይናቸው አልሳቀም።

«እኔ የሌለ ድንጋይ አስቀመጥሁ፤ ለጨዋታ። አንተ ቤት ሠራህበት። ስንት ሰው አስገባህበት?»

«ወደ ሁለት መቶ ተማሪ።»

«ሁሉም ዝም ብሎ ገባ?»

«ከአንዲት በስተቀር።»

«እሷን ምን አደረግሃት?»

«ዜሮ ሰጠኋት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ደብተሩን ዘጉና ሰጡት። «ውሰደው» አሉ። ምናሴ ተግሣጽ ቢሰማ ይቀልለው ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ጌትነት የድሮ ጓደኛው ነው። ምናሴ በማግስቱ ጠዋት በሩን ዘግቶ ነገረው። ጌትነት ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው አይደለም፤ ጢሙን እየዳሰሰ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ስማኝ» አለ በመጨረሻ። «ለልጅቱ በዝምታ ነጥብ ጨምርላትና ትለፍ። መጽሐፉን ደግሞ ማዕረግህ ከጸደቀ በኋላ በሚቀጥለው እትም ታርመዋለህ። አንድ ድንጋይ ነው። ማን ደቅ ድረስ ሄዶ ያያል?»

«አንድ ሰው ሄዶ አይቷል።»

«እሷ ካለፈች ምን ቀራት?»

ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ደግ ምክር ነበር፤ የሚያስቸግረውም ደግነቱ ነው። ምናሴ ከቢሮው ወጥቶ ወደ ሐይቁ ወረደ። ዳር ዳሩን ያሉት ጥቋቁር ድንጋዮች በሙሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ናቸው፤ ቀልጠው ሳለ በውስጣቸው የነበረ አየር አረፋ ሆኖ የወጣበት። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሯል! ጎንበስ ብሎ ጣቱን በአንደኛው ቀዳዳ ከተተ። በዚህች ከተማ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሮ ይኸን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ድንጋዩ ሸካራ ነበር፤ ጣቱን ላጠው። ሁለት መቶ ሰው ወጥቶ በየመንገድ ሥራው፣ በየውሃ ጉድጓድ ቁፋሮው፣ በየትምህርት ቤቱ ተበትኗል። ከነሱ ስንቱ ደቅ ላይ ሺስት አለ ብሎ ለሌላ ሰው ነግሮ ይሆን? የተነገረውስ ሰው ለስንት ሰው?

ማክሰኞ ክፍል ገባ። ኮምፒውተሩን አልከፈተም።

«ሰባተኛው ጥያቄ ስሕተት ነው» አለ። «በደቅ ደሴት ሺስት የለም። ኖሮም አያውቅም። መምህሬ 'እንበልና' ብለው የጻፉትን እኔ 'እንበልና'ን አጥፍቼ እውነት አስመሰልኩት። በእጄ ነው ያጠፋሁት። ከዚያ አሥራ አንድ ገጽ ምክንያት ፈጠርኩለት። ይኸን ዛሬ ጠዋት ለገምጋሚዎቹም ጽፌያለሁ። ከአርባችሁ ትክክል የመለሰች ዘይነት ብቻ ናት። ዜሮ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዘይነት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከኋላ ረድፍ አንዱ በድንጋጤ «እኛስ? የመለስነው ነጥብ ሊቀነስ ነው?» አለ፤ ጫጫታው ተነሣ። ምናሴ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። የማንም አይቀነስም፤ የዘይነት አሥራ አምስት ሙሉ ነው፤ ሌሎቻችሁ ግን ደቅ ሄዳችሁ ያያችሁትን ትጽፋላችሁ፤ እኔም አብሬያችሁ እጽፋለሁ አላቸው።

ሁሉም ወደ ዘይነት ዞረ። ክብርት መርማሪ በድል ቀን ምን ትላለች? ታለቅሳለች? ትፎክራለች? ጣቷን አነሣች።

«መምህር፣ ደብተሩን ማየት ይቻላል?»

ሰማያዊውን ደብተር ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። «እንበልና» የምትለውን ቃል በጣቷ ተከትላ አነበበች፤ ቀለሙ አዲስ እንዳልሆነ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ አየች፤ መለሰችለት። «አዎ፣ ቃሏ አለች» ብላ ለክፍሉ ነገረች። ያኔ ብቻ ነው «ይቅር ብያለሁ» ያለችው።

ቅዳሜ ማለዳ በሁለት የሞተር ጀልባ ተሳፈሩ። ሦስት ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ የሀኒ አባት ከነከዘራቸው ዳር ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። ብዙ ሰው በማየታቸው ደስ ብሏቸዋል፤ የመጣበትን ምክንያት ሲሰሙ ግን ምንም አልገባቸውም።

«የሌለ ድንጋይ ልታዩ መጣችሁ?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ» አለ ምናሴ።

«እንግዲህ እግዜር ያሳያችሁ» ብለው መንገድ መሩ።

በሰሜኑ ዳርቻ፣ ሐይቁ ገደሉን በልቶ ባጋለጠው ቦታ፣ ዘይነት የጻፈችው ሁሉ በቦታው ነበር። ከላይ ጥቁር ባዛልት፤ ከሥሩ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቀይ አፈር። ምናሴ ተንበርክኮ በመዶሻው ጫፍ ቧጨረው። ከባዛልቱ ሥር የተጠጋው እንደ ጡብ ደርቆ ጠንክሯል፤ ዝቅ እያለ ሲሄድ ቅላቱ ይቀንሳል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ተራ ቡናማ አፈር ይሆናል።

«ለምን ይመስላችኋል?» አለ፤ እስቲ ልፈትናቸው ብሎ ሳይሆን እውነት ጠፍቶት ስለነበር።

ዘይነት ከጎኑ ተንበረከከች። «አፈሩ እርሻ ሆኖ ቆይቶ ነው... ማለቴ ሜዳ ሆኖ። ቅላጩ መጥቶ ፈሰሰበት። የቀረበው ተቃጠለ፣ የራቀው ተረፈ። እንደ ሸክላ።»

«እኛ በታችኛው አፈር ቤት እንመርጋለን» አሉ የሀኒ አባት ከላይ ሆነው። «ከድንጋዩ ሥር ያለው ለምርግ አይሆንም፤ ውሃ አያላቁጠውም። ድሮ እሳት በልቶታል ይላሉ አባቶች።»

ምናሴ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ መዳፉን ቀዩ አፈር ላይ ዘርግቶ አሳረፈ። ዘጠኝ ዓመት ስለ ሙቀት አስተምሯል፤ በዲግሪ፣ በሰንጠረዥ፣ በቀስት። አንድ ቀን እሳት እዚህ ቦታ ላይ፣ ልክ እዚህ፣ መሬትን ነክቶ መሬት ሌላ ነገር ሆነ። የነካበት ልክ በክንድ ይለካል። ዘይነትም መዳፏን ከእጁ አጠገብ አሳረፈች፤ ጥቂት ቆየችና «በርዷል» ብላ በሙሉ ቁም ነገር አስታወቀች።

«መምህር፣ ታዲያ ይኸ ሜታሞርፊክ ይባላል?»

«አንዳንዱ አዎ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ በስሱ የተቃጠለ አይበቃም ይላል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አላውቅም። አስቤበት አላውቅም።»

ዘይነት ደብተሯን አወጣችና ጻፈች። በዚያ ሁሉ ወራት እሱ ሲናገር እሷ ስትጽፍ አይቶ አያውቅም ነበር። አላስችል አለው።

«ምን ጻፍሽ?»

«አላውቅም ያሉትን።»

«እሱ ደግሞ ምን ይጻፋል?»

«እሱን አይቻለሁ» አለች።

የተባባሪ ፕሮፌሰርነቱ ነገር ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ገምጋሚዎቹ አሥራ አንዱን ገጽ አውጥቶ፣ በቦታው ያየውን ጽፎ እንዲያቀርብ በጨዋ ደብዳቤ አሳወቁት። አዲሱ ምዕራፍ አራት ገጽ ብቻ ሆነ፤ ከአራቱም አንደኛው ጥያቄ ነው። ጌትነት «እኔ ነግሬህ ነበር» አላለውም፤ ደግ መካሪ ነው ብለናል። ዘይነት በጊዜዋ ተመረቀች። ሐጂ ሙሔ ከወረታ ድረስ መጥተው ዲግሪዋን ከእጇ ሲቀበሉ ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። አሁን በምዕራብ በኩል መንገድ በሚቆረጥበት ቦታ ትሠራለች ይባላል፤ ተራራ ሲፈርስ ቆማ የምታይበት ሥራ አግኝታለች። እውነተኛውን ሺስት ያየችው እዚያ ነው፤ ፎቶውን ለምናሴ ልካለት ነበር፤ ከሥሩ ምንም ቃል አልጻፈችበትም።

በተከታዩ ዓመት ምናሴ አዲስ ክፍል ተረከበ። ጨዋ ክፍል፣ የተባረከ ክፍል። አርባ አንድ ልጅ። በሰዓቱ ይመጣሉ፣ የተባለውን ይጽፋሉ፣ ሲያልቅ አመስግነው ይወጣሉ። ከዘይነት በኋላ እንዲህ ያለ ዕረፍት ይገባዋል ያሉት ባልደረቦቹ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። እሱም ለሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ግን እያስተማረ መካከል ላይ ዝም አለ። አየር ያነሰው መስሎት መስኮት ከፈተ፤ አየር አልነበረም የጎደለው። ወደ ክፍሉ ዞረና ረጋ ባለ ድምፅ፦

«የባዛልት ሌላው ጠባይ፣ ውሃ ላይ መንሳፈፉ ነው» አለ።

አርባ አንድ እስክሪብቶ ጎንበስ አለ። ምናሴ ጠበቀ። ወደ ሦስተኛው ረድፍ አየ። ጣት የሚያነሣ የለም። በልቡ ደብቆ ያኖረውን የዚያችን ልጅ ስም ያኔ ለራሱ ጠራው፤ «መዥገር» ነበር ስሙ፤ ሲጠራው ግን እናት ልጇን እንደምትጠራበት ድምፅ ሆነበት።

«ደብተራችሁን ዝጉ» አለ። «ወደ ሐይቁ እንወርዳለን።»

ዳር ሲደርሱ ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አነሣና ለሥርጉት ሰጣት። ሥርጉት ከክፍሉ ሁሉ በላይ የምትጽፍ፣ ርዕስ በቀይ፣ ማብራሪያ በሰማያዊ የምታሳምር ልጅ ናት።

«ወርውሪው።»

«ለምን፣ መምህር? ጽፈነዋል እኮ።»

«ቢሆንም ወርውሪው።»

ወረወረችው። ድንጋዩ «ጧ» ብሎ ወረደ፤ ክቡ ማዕበል ሰፋ፣ ሰፋ፣ ከደንገሉ ደርሶ ጠፋ። ሁሉም ድንጋዩ እስኪመለስ የሚጠብቅ ይመስል ውሃውን ተመለከተ። ሥርጉት ውሃውን አየች፤ ደብተሯን ገልጣ አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መምህሯ ዞረች። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«መምህር» አለች በቁጣ፣ «እያወቁ ነው እንዴ ያስጻፉን?»

ምናሴ ሰው ሲቆጣው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ጎንበስ አለላትና «አዎ፣ እመቤቴ» አለ፤ «ሌላስ ያስጻፍኳችሁ ምን አለ?»

ሥርጉት እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ደብተሯን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችና ማንበብ ጀመረች።